የኩላሊት መድኃኒት ቅምሻ

አንድ ቀን ልብስ ሰፊው መንበሩ ከሐኪም ቤት ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ስኳር በሽታው ኩላሊቱን መንካት ከጀመረ ወዲህ የታዘዘለትን ኪኒን ሳያቋርጥ ሲውጥ ከርሞ ነበርና፣ ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ «ኩላሊትህ እያገገመ ነው፤ ኪኒኑን ብታቆም ግን ከበፊቱም ይብስብሃል» አለው።

የሰው መዳን የማይዋጥለት ዘመድ ደግሞ መቼም አይጠፋም። የሚስቱ አጎት አቶ ልሳነወርቅ «እንኳን ደስ ያለህ» ሊሉ መጡና ገና ሳይቀመጡ ማዘን ጀመሩ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ታመው አያውቁም፤ የማያውቁት በሽታ ግን የለም።

«ኪኒን? ኪኒን እኮ ኩላሊት ያደርቃል፣ ልጄ!» አሉና ከካፖርታቸው ሥር ጥቁር ነገር የሞላበት ጠርሙስ መዘዙ። «ይኸውልህ የሥር መድኃኒት! የሞተ ኩላሊት ያስነሳል። ብቻ ከኪኒን ጋር አይስማማምና ከዛሬ ጀምረህ ኪኒኑን ጣለው።»

«አልዓዛር ሲነሳ እርስዎ አጠገቡ ነበሩ ልበል?» አለ መንበሩ።

ሚስቱ አስካለ ግን አልሳቀችም። አጎቷን ከልጅነቷ ጀምራ ታምናቸዋለች። «ምን አለበት፣ ብትሞክረው? ጋሼ ክፉህን አይመኙም» ብላ ብርጭቆ አመጣች።

መንበሩ እዚህ ላይ ደነገጠ። በአጎትየው ማሾፍ ይቻላል፤ የሚስትን ልመና ግን በምን አፍ ይመልሱታል? እምቢ ቢል ዘመድ ናቀ ሊባል፣ እሺ ቢል ያገገመ ኩላሊቱን ሊያጣ ነው።

አቶ ልሳነወርቅ እስከ አፍ ገደፉ ሞሉለት። መንበሩ በሁለት እጁ ተቀበለና መልሶ ዘረጋላቸው።

«ይቅመሱልኛ፣ ጋሼ። ያገራችን ወግ አይደል? ጠጅ እንኳ ቀጂው ሳይቀምስ አይጠጣም።»

አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እኔ? ኧረ ወዲያ! የኔ ኩላሊት እኮ ደህና ነው። ይኼ ኃይለኛ መድኃኒት ነው፣ ደህናውን ኩላሊት ያቃጥለዋል።»

«ታዲያ ጋሼ» አለ መንበሩ፣ «የእርስዎ ጤነኛ ኩላሊት የሸሸውን ጦር፣ ገና ካልጋው እየተነሳ ያለው የኔ ኩላሊት ይግጠመው ነው የሚሉኝ?»

አስካለ ብርጭቆውን ከባሏ እጅ ወስዳ ደጅ ደፋችው። ስትመለስ ኪኒኑንና ውሃ ይዛ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃት ከውሃው ፉት ብላ ሰጠችው።