ገርቢውና የይርዳው በሬ

በእኛ በምንጃር፣ ሰው ገና ታሞ ሳይድን ጎረቤት ስለ ተዝካሩ ማውራት ሲጀምር ሽማግሌዎች አፍ የሚያስይዙባት አንዲት አባባል አለች። ለአባባሏ ምክንያት የሆነው አንድ ችኩል እንግዳ ነው።

ይርዳው የመንዝ ሰው ነው። የወይዘሮ እልፍነሽን ልጅ አጭቶ፣ ከሰርጉ በኋላ የሚኖርበትን አገር ሊያይ በሐምሌ ወረደ። በማግስቱ ምሳር አንስቶ በእልፍነሽ ማሳ መሀል ወደቆመው ትልቅ ገርቢ ሄደ። ገርቢ የግራር ዘር ነው፤ አመሉ ግን ለብቻው ነው። ሌላው ዛፍ ሁሉ በዝናብ ሲለብስ እሱ ይራቆታል። ይህን እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ይርዳው ደግሞ መጠየቅ አይወድም።

አንዴ እንዳሳረፈበት እልፍነሽ እየጮኹ ደረሱ።

«ኧረ ተው ልጄ! ከብቶቼ በጋውን የሚወጡት በእሱ ፍሬ ነው!»

«እማማ፣ ይሄማ ለሰርጋችን ማገዶ ነው። በዚህ ዝናብ ያልለመለመ መቼ ሊለመልም?»

«በጥር ታየዋለህ።»

ይርዳው ከት ብሎ ሳቀና በመንገድ ወደሚያልፉት ሽማግሌ ወደ አባ ዘወልድ ዞረ። «አባ፣ ይመስክሩ! ይሄ ቅጠል ካወጣ ቦራው በሬዬ የእሳቸው ይሁን!»

ጥር ገባ። ሙሽራው ያሉትን ሁለት በሬዎች እየነዳ ለሰርጉ መጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ግንባረ ነጩ ቦራ ገመዱን አስጥሎ ሮጠና አንድ ለምለም ዛፍ ጥላ ገብቶ የረገፈውን ፍሬ ይቆረጥም ጀመር።

«ያ የደረቀውስ? ቆረጣችሁት እንዴ?» አለ ይርዳው።

እልፍነሽ ግንዱ ላይ ያለውን የምሳር ጠባሳ በጣታቸው አሳዩት። ይርዳው የራሱን ምሳር ጠባሳ አወቀው። በሁለት በሬ መጥቶ ባለ አንድ በሬ ሙሽራ ሊሆን ነው።

«እማማ፣ ቀልዴን እኮ ነው!»

«እኔ መቼ ነካሁት? በሬህ ራሱ ገባልኝ።»

አባ ዘወልድ ተጠርተው ፈረዱ። ቦራው የእልፍነሽ ሆነ፤ ይርዳው በቀረው በሬ ከአማቱ ጋር ይቀናጅ፣ ጥማዱም አስቀድሞ የእሳቸውን ማሳ፣ ቀጥሎ የእሱን ይረስ ተባለ። ሙሽራዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ይርዳው ግን ከልቡ አዝኖ አቀርቅሯል። ሽማግሌው አሳዘናቸውና ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፤ የገርቢን መርዶ በሐምሌ አያረዱም» አሉት።