አባል አባልን አይበላም

አንድ ጊዜ በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ አውሬዎች የቀዛፊዎች ማኅበር አቋቋሙ። የደንገል ታንኳ ሠሩ፤ አንበሳን ሊቀ መንበር፣ ቀበሮን ጸሐፊ አደረጉ። በበጋ ዳሩ ሲደርቅ እየቀዘፉ በሐይቁ መካከል ወዳለው ለምለም ደሴት ይሻገራሉ፤ በልተውና ተጫውተው ማታ ይመለሳሉ።

ሕጋቸው አጭር ነበር። አባል የሆነ ይቀዝፋል። የቀዘፈ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ያቆመዋል፤ ደንገል ካልደረቀ ውኃ እየጠጣ ይከብዳልና። ከሁሉም በላይ ደግሞ አባል አባልን አይበላም። በዚህ ሕግ ምክንያት ድኩላ ከጅብ ጎን ተቀምጣ ትቀዝፍ ነበር። ጅብ ምራቁን እየዋጠ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል።

አንድ ቀን አህያ መጣች። በጋው ከብዶ ነበር። ዳሩ ላይ የቀረ ሣር የለም፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ከኋላዋ አይጠፋም። ራብና ፍርሃት አንድ ላይ ሲመጡ ብዙ አያናግሩም።

«አባል ልሁን» አለች።

ጅብ ደነገጠ። ቀበሮን ወደ ጎን ወሰደው።

«ጸሐፊ፣ አህያ አባል ከሆነች እኔ ምን ልበላ ነው?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ አያ ጅቦ?»

«ጉበቷ ያንተ ነው።»

«እንዲህ ብለህ ጀምር እንጂ!»

ቀበሮ ወደ አህያ ዞሮ ፈገግ አለ። «እመት አህያ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ግን መጀመሪያ ሙከራ አለ። ጨረቃ እስክትሞላ ድረስ ማታ ማታ ታንኳውን የምታወጪውም የምታቆሚውም አንቺ ነሽ።»

«ከደሴቱ ሣርስ ይደርሰኛል?»

«እሱ የአባል ነው።»

አንበሳ እያዛጋ «ሙከራዋ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካት» አለ።

አህያ ጎተተች። ገመዱን በጥርሷ ነክሳ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየዋጣት፣ ታንኳውን አውጥታ ድንጋይ ላይ አስደግፋ ታቆማለች። የምትበላው የደረቀ የደንገል ልጣጭ ነበር። አባላቱ ለመዱት። ከታንኳው ይወርዳሉ፣ ገመዱን ይጥሉላታል፣ ይሄዳሉ። ጅብ ግን ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ ጎኗን ያያል።

«ምነው ከሳሽ?» ይላታል፣ ከልቡ አዝኖ።

ጨረቃ ሞላች። አህያ አንበሳ ፊት ቆመች።

«ሙከራዬን ጨርሻለሁ፣ ጌታዬ።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ቀርቷል። አባል በእጁ መቅዘፍ አለበት። አንቺ እጅ የለሽም።»

«አንተስ አለህ?»

ቀበሮ እግሩን አነሣና አየው። «መዳፍ አለኝ። መዳፍ ከእጅ ይቆጠራል።»

«ሰኮናስ?»

«ሰኮና አይቆጠርም።»

«ድኩላ ያላት ታዲያ ምንድን ነው?»

«ድኩላ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነው የገባችው።»

«ሕጉ መቼ ወጣ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ድኩላ ሳቋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች። አንበሳ ነገር በዛበት። «በመጪው የማኅበራችን በዓል ቀን ደሴቱ ላይ እንመክርበታለን» አለ። «ስመለስ እወስናለሁ። እስከዚያ ማንም አይንካት።»

«እሺ ጌታዬ» አለች አህያ። «እኔም እስከዚያ ታንኳ አልጎትትም። ሕጉ የቀዘፈ ያቆመዋል ይላል። እኔ አልቀዘፍኩም።»

ይህን ብላ ዳር ካለው ጉብታ ላይ ወጥታ ቆመች። ቢጠሯትም አልወረደችም።

በዚያ ማታ ታንኳው ተመልሶ ዳር ደረሰ። ቀበሮ ጅብን አየ፤ ጅብ ቀበሮን አየ።

«አንተ አውጣው» አለ ቀበሮ።

«እኔ ኋላ ነው የቀዘፍኩት። ፊት የቀዘፈ ያውጣ።»

«ጸሐፊ ገመድ ሲጎትት አይተህ ታውቃለህ?»

«ነገ ይወጣል እንግዲህ።»

በማግስቱም እንዲሁ ተባባሉ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልተነጋገሩበትም። ድኩላ ብቻዋን ሞክራ አልቻለችም። ደንገሉ ሌት ተቀን ውኃ ሲጠጣ ሰነበተ።

የበዓሉ ቀን ሁሉም ተሳፈሩ። አንበሳ መካከል ላይ ተዘርግቶ ተቀመጠ። ጅብ ለበዓሉ ብሎ ሆዱን ሞልቶ መጥቷል። ታንኳው ወደ ውኃው ዝቅ እንዳለ ጉዞ ጀመረ። ከዳሩ ብዙም ሳይርቅ ውኃው እግራቸውን ነካ፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን። ጅብ በኃይል ሲቀዝፍ የባሰ ሰመጠ። ዋና የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

«አህያ!» ብሎ አገሳ አንበሳ። «ድረሽልን!»

አህያ ከጉብታው ወረደች። ውኃው ውስጥ ገባች፤ እግሯ መሬት እስከሚነካበት ድረስ ሄዳ ቆመች። የታንኳው ገመድ አፍንጫዋ ሥር ይንሳፈፋል። አልነከሰችውም።

«አባል ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«ነሽ!» አለ አንበሳ።

«ጸሐፊው ይናገር።»

«ሰኮና ይቆጠራል!» አለ ቀበሮ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ። «ድሮም ይቆጠር ነበር!»

«አያ ጅቦ ደግሞ ሕጉን ይድገምልኝ።»

ጅብ ውኃው አገጩ ደርሷል። አህያን አየ፤ በጋውን ሙሉ ሲያልመው የከረመውን ሥጋ አየ።

«እግሯን ብቻ ብበላስ?» አለ።

«ሕጉን ድገም እንጂ፣ አንተ ደደብ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ።

«ጆሮዋንስ? ጆሮ እኮ ምንም ሥጋ የለው…» ማዕበል መጥቶ አፉን ሞላው። ተፋው፤ አሳለው። «አባል… አባልን… አይበላም!»

«ያልሰማ እንዳይኖር፣ አንድ ጊዜ ድገመው።»

«አባል አባልን አይበላም!»

ያን ጊዜ አህያ ገመዱን ነከሰች። አንገቷን አቀርቅራ፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ የከሳ ጎኗ እየተርገበገበ ጎተተቻቸው። ዳር ሲደርሱ ሁሉም ውኃቸውን አራግፈው መሄድ ጀመሩ።

«ወዴት ነው?» አለች አህያ። «ታንኳው አልቆመም።»

«ደክሞናል እኮ!» አለ ቀበሮ።

«ቀዝፋችኋል። የቀዘፈ ያቆመዋል።»

አንበሳ አያት። ታንኳውን አየ። ከዚያ ገመዱን በራሱ ጥርስ ነከሰ። ሊቀ መንበሩ ሲጎትት ሌላው ዝም ብሎ መቆም አልቻለም። አህያም አብራ ጎተተች።

ደንገሉ ሲደርቅ እንደገና ተነሡ። አህያ መቅዘፊያውን በጥርሷ ይዛ፣ ከጅብ ጎን ተቀምጣ፣ ወደ ለምለሙ ሣር ቀዘፈች። ጅብ ምራቁን ዋጠ፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ።

ከዚህ የምንማረው፣ የማኅበር ሕግ የሚጸናው ውስጥ የተቀመጡት ራሳቸው ሲፈጽሙት እንጂ ደጅ በቆመው ጫንቃ ላይ ሲጭኑት አለመሆኑን ነው።