ለጅቡቲ የተያዘች አንዲት ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ ጅቡቲ ሲመላለስ፣ ሰይፉ፣ ትርሲትና ምንተስኖት የሚባሉ የአንድ እናትና አባት ልጆች ነበሩ። አባታቸው ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድቶ፣ «አንድ ቀን ባሕሩን አሳያችኋለሁ» እንዳለ ሞተ። ከሦስቱ አንዳቸውም ባሕር አላዩም።

የባቡር ሠራተኞች ክበብ በየዓመቱ የፖከር ውድድር ነበረው። ገንዘብ አይገባበትም፤ የሚወራረዱት በቆርኪ ነው። ለሁሉም እኩል ይታደላል፣ ያለቀበት ይነሣል፣ ብቻውን የቀረ ያሸንፋል። ለአንድ ቤት የሚፈቀደው አንድ ወንበር ነው፤ ቤተሰቡ ግን በየዕረፍቱ ተጫዋች መቀየር ይችላል። የዚያ ዓመት አሸናፊ ጅቡቲ ወርዶ ከወደብ ሠራተኞች ጋር እንዲጫወት ተወሰነ።

ወንበሯ የታላቁ የሰይፉ ነበረች። አምስት ዓመት ተጫውቶ አምስቱንም ከቀትር በፊት ተነሥቷል። በአምስተኛው ግን ዕድሉን ማማረር ትቶ ደብተር ገዛ። እሑድ እሑድ ከወዳጆቹ ጋር እየተጫወተ፣ የተሸነፈበትን ዙር ሁሉ ከያዘው ካርታ ጋር ጻፈ። ዓመቱ ሲሞላ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበና ደነገጠ።

«የጎዳኝ መጥፎ ካርታ አይደለም» አላቸው እኅቱንና ወንድሙን። «መጥፎውንማ እጥለዋለሁ። የጎዳኝ ደኅና የሚመስለው ነው።»

በውድድሩ ቀን እጅግ ጥሩ ካልሆነ በቀር የደረሰውን ሁሉ ጣለ። «ይኼ ሰውዬ ሊጫወት ነው ሊጥል የመጣው?» ብለው ሳቁበት። ቀትር ሲሆን ግን ከአርባው ተወዳዳሪ የቀሩት ዘጠኝ ነበሩ፤ ሰይፉም አንዱ ነበር።

ሆኖም ቆርኪው ሳስቷል። ካርታ ሳይታደል ሁሉም በግድ የሚያስቀምጠው ቆርኪ በየሰዓቱ በእጥፍ ያድግ ነበርና፣ መጠበቅ ራሱ ይበላው ጀመር። በዕረፍቱ ታናሹ ምንተስኖት ጠጋ አለው።

«ወንድም ጋሼ፣ ተነሥልኝ።»

«አሁን? እዚህ ከደረስኩ በኋላ?»

«ትዕግሥትህ እዚህ አድርሶናል። ከዚህ ወዲያ ይጥለናል። ዋንጫ የሚሰጠው ለሦስት ሰው ነው፤ ሁሉም አራተኛ ሆኖ መውጣትን እየፈራ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ይጥላል።»

ሰይፉ አንጀቱ እንቢ እያለው ተነሣ።

ምንተስኖት የረባ ካርታ ሳይዝ፣ በባዶ እጁ፣ ቆርኪውን በሙሉ ወደ መሐል ገፋ። ጣሉለት። ደግሞ ገፋ፤ ደግመው ጣሉለት። ስድስት ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ ሰይፉ ማየት አቅቶት በረንዳ ወጣ። ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ወንድሙና ሮብሌ የተባለው የመጋዘን ኃላፊ። ሮብሌ ግን የሚፈራ ሰው አልነበረም። ምንተስኖት በባዶ እጁ ሲደፍርበት «አየሁህ!» አለና እኩል አስቀምጦ ካርታውን አስገለጠው፤ ብዙ ቆርኪም ወሰደበት። ክምራቸው እኩል ለእኩል ሆነ።

የመጨረሻው ዕረፍት ላይ ትርሲት፣ «ልቀመጥ» አለች።

«አንቺ መቼ ውድድር ታውቂያለሽ?» አለ ምንተስኖት።

«ውድድሩን አላውቅም፤ ሮብሌን ግን ከጠዋት ጀምሮ ሳጠናው ነው የዋልኩት።»

ሮብሌ እንደ ድሬዳዋ ልጅ ሁሉ ሽማግሌውንም ሼኩንም «አንተ» የሚል ሰው ነው። ትርሲት ከወንበሮቹ ኋላ ቆማ ስታዳምጥ ግን፣ ሦስት ጊዜ ሰው አክብሮ ሲናገር ሰምታዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ካርታው ሲገለጥ ባዶ ነበር።

ጥቂት ዙር ተጫወቱ። ከዚያ ሮብሌ ያለውን ሁሉ ገፋ። ትርሲት የያዘችው ሁለት ሰባት ነው፤ ሰይፉ በትከሻዋ በኩል አየው። ደብተሩ ሙሉ የሚያስጠነቅቀው እንዲህ ያለውን ደኅና መሳይ ካርታ ነው። «ጣዪው» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«ይጣሉት፣ እመቤት» አለ ሮብሌ ለስለስ ብሎ። «ለእርስዎ አዝኜ ነው።»

«አየሁህ» አለች ትርሲት።

ሮብሌ ምንም አልነበረውም።

ደስታው ገና ሳይበርድ የክበቡ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ መጣ። «ጅቡቲ ላይ መቀያየር የለም። የሚሄደው አንድ ሰው ነው። የማንን ስም ልጻፍ?»

«እኔ በቀትር ባልቀመጥ ኖሮ ወንበሯ ከወንድም ጋሼ ጋር ትወድቅ ነበር» አለ ምንተስኖት።

«በመጨረሻዋ ዙር ‹አየሁህ› ያለው ማን ነው? ሁለታችሁም ትጥሉት ነበር» አለች ትርሲት።

ሰይፉ ሁለቱን ሰባት ይጥል እንደነበር ልቡ ያውቃል። ግን እነዚህ ልጆች ፖከርን የተማሩት እሑድ እሑድ ከጎኑ ተቀምጠው፣ የገዛ ስሕተቱን ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ነው። እርሱ እስከ ቀትር ባይቆይ የትኛዋ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር? ባሕሩንስ ከሦስቱ አብልጦ የናፈቀው ማን ነው?

«ከደብተሩ በፊት ወንበሯ ከቀትር አልፋ አታውቅም» አለ በመጨረሻ።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ከፍቶ ሦስቱንም በየተራ አያቸው። ሦስቱም ዓይናቸውን አልሰበሩም።

እንግዲህ እናንተ ሰምታችኋል፤ ፍረዱ። አንዱ በትዕግሥት አቆያት፣ አንዱ በድፍረት አሻገራት፣ አንዷ በማስተዋል አሸነፈችባት። ወንበሯ የምትገባው ለማን ነው?