የሸዋንግዛው ቸርኬ

ሰው ዋናውን ነገር ትቶ በጌጡ ሲደክም ባየን ቁጥር እኛ ደብረ ብርሃኖች የምንተርታት አንዲት አጭር ተረት አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ግራ ይገባውና «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ይላል። ከሩቅ አልመጣችም፤ ከእኛው ከተማ፣ ከብርድ ልብስ ነጋዴው ከሸዋንግዛው ሰርግ ነው የተገኘችው። ሸዋንግዛው ዛሬም ሱቁ ውስጥ አለ፤ ተረቷ ስትነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። እኛም በሰው ለመሳቅ አፍ አላነሰንም እንጂ፣ ያን ሰሞን አብረነው ስናብድ ነው የከረምነው።

ሸዋንግዛው ብርድ ልብስ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ዕድሜው ወደ አርባ ተጠጋበት። አገሩን ሁሉ ከብርድ ሲያድን ለራሱ ጎጆ ሳይቀልስ ቀረ። በኋላ ከከተማችን ጠባሴ ሰፈር የምትሠራውን ልብስ ሰፊ፣ ይመኙሻልን አያት። መጀመሪያ የሄደው ጠርዙ የተተረተረ ብርድ ልብስ ሊያሰፋ ነበር። ሰፍታ ሰጠችው። በሳምንቱ ሌላ ይዞ ሄደ፤ በሳምንቱ ሌላ። የተተረተረ ሲያልቅበት ሱቁን ዘግቶ ደህናውን ብርድ ልብስ በጥርሱ ይተረትር ጀመር። እንዲህ ጥርሱ እስኪደክም ከተመላለሰ በኋላ ሽማግሌ ላከ።

ይመኙሻልን ያሳደጓት አጎቷ ጋሽ ተክለወልድ ናቸው፤ ቁጡ፣ ደግሞም ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው። የተላኩት ሽማግሌዎች ሲመለሱ ሸዋንግዛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ፈቅደዋል» አሉት። «ሰርጉም ከጥምቀት በኋላ ይሁን ብለዋል። ትንሽ በዘመኑ አጉረመረሙ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አልወጣቸውም።»

«ምን ብለው አጉረመረሙ?»

«ያው የአዛውንት ነገር ነው። ‹በእኛ ጊዜ ሙሽራ በበቅሎ ስትሄድ አገር ያያት ነበር፤ ዛሬ እንደ ሽሮፕ በጠርሙስ ዘግተው ነው የሚወስዷት› አሉ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ሸዋንግዛው ግን ነገሩን ከልቡ አስገባው። በማግስቱ የአይሱዙ ሾፌር ወደሆነው ጓደኛውና አንደኛ ሚዜው ወደ ንጋቱ ሄዶ፣ «ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ልገዛ ነው» አለው።

ንጋቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ንፋሱ የሱቅ ቆርቆሮ ያንኳኳል፤ ሰዉ በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ ደርቧል።

«እዚህ? በጥር ውርጭ?»

«አገር ይያታ!»

«ብርድ ልብስ የምትሸጥ ሰው ጣሪያ የሌለው መኪና ስትገዛ፣ ለገበያህ ነው ወይስ ለሙሽራህ?»

«ለሁለቱም ይሆናል» አለ ሸዋንግዛው፤ ያኔም ቢሆን በራሱ መቀለድ ያውቅበታል። ከቀልዱ መማር ነው ያቃተው።

አዲስ አበባ ወረዱ። አንድ ደላላ ከአንድ ግቢ ወስዶ አሳያቸው፤ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ዕድሜዋን ቀለም የደበቀላት የስፖርት መኪና። ደላላው አንድ ቁልፍ ሲጫን ጣሪያዋ እያቃሰተ ተነሳና ታጥፎ ከኋላ ተኛ። ሸዋንግዛው አጨበጨበ። መከፈቱን አይቶ ተደሰተ እንጂ ይዘጋ እንደሆነ አልጠየቀም።

«ምንም አይጎድላትም» አለ ደላላው። «የጎማዋ ብረት፣ ቸርኬዋ ብቻ ነው ያረጀው። ደህና ቸርኬ ካደረግህላት ማን ይደርስባታል!»

ይህች ቃል በሸዋንግዛው ጆሮ ገባችና መውጫው ጠፋት። የዓመታት ቁጠባውን አራግፎ ገዛት። ንጋቱ መሪውን ይዞ፣ እሱ ከጎኑ ሆኖ፣ ከንፈራቸው በንፋስ ተሰነጣጥቆ ደብረ ብርሃን ገቡ። ሁለት ሆነው ሄደው ሁለት ሆነው ተመለሱ፤ ስለዚህ ወንበር ጎደለ ብሎ ያሰበ የለም።

«እንግዲህ መንዳት ተማር» አለው ንጋቱ ሲለያዩ። «ሰርጉ እየመጣ ነው።»

«ይደርሳል፤ እሱን ተወውና ቸርኬዋን አየኸው? እውነትም አርጅቷል።»

ሸዋንግዛው በሐሳቡ ሁሉንም ጨርሶታል። ንጋቱ ይነዳል፤ እሱና ይመኙሻል ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ለአገር እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጣሪያው ታጥፎ የተኛው በኋላ ወንበሩ ላይ ነው ብሎ ደምድሟል፤ ገልጦ ግን አላየም።

መኪናዋን ግቢው አስገብቶ፣ ከሱቁ ባመጣው ብርድ ልብስ ከላይ እስከ ታች ሸፈናት። ወሬ ተሸፍኖ አይቀርምና ከተማው በሙሉ ሊያይ መጣ። ታዲያ ሁላችንም ጠርዙን ከታች ገለጥ እናደርግና፣ ቁጢጥ ብለን ቸርኬውን እናያለን። ከላይ የገለጠ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ጎሚስታው «ወርቃማ ነው የሚሄድላት» አለ። መምህሩ «ወርቃማ የጎረምሳ ነው፤ ቀጫጭን ሽቦ ያለው ይሁን» ብለው ተከራከሩ። የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ መስቀላቸውን በኪሳቸው ከተው ቁጢጥ አሉና፣ «ጥቁሩን ብቻ ተው ልጄ፤ ለሰርግ አይሆንም» ብለው ተነሱ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ደብረ ብርሃኖች አትደበቁ፤ እናንተም አስተያየት ሰጥታችኋል።

ሸዋንግዛው የሰውን ቃል ሁሉ ይዞ ይባክን ጀመር። አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ወርቃማውን አመጣ፤ ሲገጠም ጎማው ከመኪናዋ አካል ጋር ተፋተገና መለሰው። ባለ ሽቦውን አመጣ፤ ባየው ቁጥር የብስክሌት እየመሰለው መለሰው። ለመንዳት ትምህርት የተመዘገበበት ማሠልጠኛ «ምነው ቀረህ?» ሲለው «ነገ» ይላል፤ ነገ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ቸርኬ ይሰማል።

በመሐል ይመኙሻል ደወለች።

«ሸዋዬ፣ ሁለት ቀሚስ ሰፍቻለሁ። ቅዳሜ መጥተህ የቱን እንደምለብስ ምረጥልኝ።»

«አንቺ የለበስሽው ሁሉ ያምርብሻል! ቅዳሜ እንኳ ናዝሬት ጉዳይ አለብኝ።»

«እሺ» አለች። የሴት እሺ ስንት ዓይነት እንደሆነ የሚያውቅ ወንድ ቢሆን ናዝሬትን ትቶ ጠባሴ ይሮጥ ነበር። እሱ ግን ናዝሬት ሄዶ፣ እንደ ፀሐይ ጮራ የተዘረጋ ብርማ ቸርኬ አገኘና በደስታ እያፏጨ ተመለሰ።

የሰርጉ ዕለት ውርጩ ሣሩን አነጣው። ንጋቱ መሪውን ያዘ፤ ሸዋንግዛው በአዲስ ሱፍና በአዲስ ጫማ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ሚዜዎች በሚኒባስ ተከተሉ። በመንገዱ ላይ ሰው አጨበጨበ፤ ቸርኬው አንጸባረቀ። የሙሽራዋ ዘመዶች እንደ ወጉ በሩን ዘግተው ሲዘፍኑባቸው ቆይተው አስገቧቸው። ጋሽ ተክለወልድ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯትና ቸርኬውን በከዘራቸው ቆርቆር አደረጉት።

«ጫማዋስ ያምራል» አሉ።

ሸዋንግዛው ከዚያ በላይ ደስታ አያውቅም ነበር። ይመኙሻል ወጣች፤ እልልታው ቀለጠ። እሱም እጇን ይዞ ወደ መኪናዋ መጣና ንጋቱን፣ «ወንበሩን ወደ ፊት አጠፍ አድርግልን፤ ከኋላ እንግባ» አለው።

«ከየት ኋላ?»

«ከኋላ ወንበር ነዋ!»

ንጋቱ የቀለደ መስሎት ፊቱን አየው። ቀልድ የለም። «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና እኮ የኋላ ወንበር የላትም። ያ ጣሪያው የሚታጠፍበት ጉድጓድ ነው።»

ሸዋንግዛው ክዳኑን አነሳ። ብረትና ዝገት አየ።

«አንተ ነድተህ ይዘሃት ትሄዳለህ ብዬ ነው እኮ» አለ ንጋቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መንዳት ተማር አላልኩህም? እስከዚህ የነዳሁልህ ሙሽራ ስለሆንክ ተረብሸህ መስሎኝ ነው።»

እልልታው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። እኛ ያን ሰሞን ቁጢጥ ስንል የከረምነው ሁሉ እርስ በርስ ተያየን።

«እንግዲያው እኔ ሙሽሪትን በመኪናዋ ላምጣት፣ አንተ በሚኒባሱ ተከተል» አለ ንጋቱ።

ጋሽ ተክለወልድ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ምን አልክ? ልጄን የዳርኩት ለሸዋንግዛው ነው ወይስ ለሾፌሩ? ባሏ ከጎኗ ሳይሆን ከዚህ በር አትወጣም!»

«ጋሼ፣ ሁለታችንም በሚኒባሱ እንሄዳለን» አለ ሸዋንግዛው ላብ እያጠመቀው።

«እኔ አልሄድም» አለች ይመኙሻል።

ሸዋንግዛው ዓመታት ሙሉ ብርድ ልብስ የተረተረላት ሴት፣ በአገር ፊት፣ በሰርጓ ቀን፣ አልሄድም አለች።

«ቀሚስ ምረጥልኝ ብዬ ለመንኩህ» አለች፤ ድምጿ አልጮኸም። «የለበስሽው ሁሉ ያምራል አልከኝ። ለመኪና ጫማ ግን አገር ዞርክ። ስንት ቀን እንደጠበቅኩህ ታውቃለህ? የቱን ቀሚስ እንደለበስኩ እንኳ እስካሁን አላየህም።»

ያኔ አያት። ባለ አረንጓዴ ጥልፍ ነበር፤ ጥልፉ ከአንገቷ እስከ እግሯ ይወርዳል። ስንት ማታ እንደፈጀባት ማሰብ ጀመረና በራሱ አፈረ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ሞኝ ነኝ። ሞኝነቴ ትንሽ ቢሆን እደብቀው ነበር፤ ይኸው አገር እያየው ነው። በይ ያልሽኝን ልሁን።»

«መኪናዋን ለእኔ ነው የገዛኸው?»

«ለአንቺ ነው።»

«እንግዲያው እኔ እቀመጥባታለሁ። አንተም አጎቴ እንዳሉት ከጎኔ ትሆናለህ።»

«የት ላይ?»

«በእግርህ።»

ጋሽ ተክለወልድ አሰቡበትና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከጎን መሆን ከጎን መሆን ነው።

ሸዋንግዛው በአንድ እጁ የመኪናዋን በር ይዞ መሮጥ ጀመረ። ንጋቱ ዝግ ብሎ ሊነዳ ቢሞክር ሞተሩ እየጠፋበት ተቸገረ፤ ስለዚህ ሙሽራው መሮጥ ነበረበት። አዲሱ ጫማ ተረከዙን ላጠው። አቧራው ሱፉን አለበሰው። ያ የናዝሬት ቸርኬ ከእግሩ አጠገብ እየተሽከረከረ ያብረቀርቃል፤ እሱም እያለከለከ፣ «አገር ይያታ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው አገር እኔን ያየኛል!» ይላል። የሳቀው ሳቀ። ያዘነለትም ነበር።

በዚህ መሐል ሙሽሪት መንቀጥቀጥ ጀመረች። ንጋቱ ቁልፉን ተጫነ፤ ጣሪያው እስከ ግማሽ ተነሳና እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ከኋላ ሣጥኑ ውስጥ መኪናዋን የምሸፍንበት ብርድ ልብስ አለ!» ብሎ ጮኸ ሸዋንግዛው። ንጋቱ ለአፍታ ሲገታለት ራሱ ሮጦ አወጣና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ከዚያ ተመልሶ በሩን ያዘ።

ይመኙሻል ብርድ ልብሱን ስትሰበስብ ጠርዙ እጇ ገባ። የራሷ ስፌት ነበር። ከስፌቱ ሥር ደግሞ ያ የምታውቀው የጥርስ ምልክት አለ። መጀመሪያ ያየችው ጊዜ አይጥ የበላው መስሏት ነበር፤ ቆይቶ ነው የገባት፤ ገብቷትም ዝም ብላ ትሰፋለት ነበር። ጠርዙን እየዳሰሰች ወደ ጎን ብታይ፣ ያ ሰውዬ ፊቱ ቀልቶ፣ ክራቫቱ ጀርባው ላይ ዞሮ፣ በሩን ሳይለቅ ይሮጣል።

«ንጋቱ፣ አቁም» አለች።

ወረደች። ክራቫቱን ወደ ቦታው መለሰችለትና የብርድ ልብሱን እኩሌታ በትከሻው ላይ አኖረችለት።

«ሁለተኛ ደህና ብርድ ልብስ እንዳትበላ» አለችው።

«አወቅሽብኝ?» አለ፤ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለበት። እሷም ሳቀች፤ ያኔ ነው የቆመው እልልታ እንደገና የተነሳው። ሁለቱ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ቀስ እያሉ በእግራቸው መንገዱን ቀጠሉ፤ ሰርገኛውም ከሚኒባስ እየወረደ ከበባቸው።

ባዶ የቀረችውን ወንበር ያዩት ጋሽ ተክለወልድ ነበሩ። «እግሬን ያመኛል» አሉና ገብተው ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ጠቅልለው፣ ግማሽ በተነሳው ጣሪያ ሥር ሙሽሮቹን ተከተሏቸው። አገር አያቸው። ከሙሽራው ቤት በር ሲደርሱም ከመኪናዋ ሳይወርዱ፣ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን የሚያሻሸውን ሸዋንግዛውን ቁልቁል ተመለከቱና፣ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ልጆቼ፣ ቸርኬ ያማረጠ በእግሩ ሮጠ!» አሉ።