በተጋጣሚው ስም የተጠራው

አንድ ወጣት በኮሌጁ ምግብ ቤት ጥግ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ሾርባውን ይጠጣል። ማንኪያውን የያዘው በግራ እጁ ነው፤ ቀኝ ትከሻው አብጦ አልታዘዝ ብሎታል። ወዲያ ማዶ፣ በመስኮቱ ሥር፣ አሥራ አንድ ጎረምሶች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ጥብስ ይበላሉ፤ ይሳሳቃሉ።

ዘመኑ የሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው፤ አገሩም አሜሪካ። የሚጫወቱትን ኳስ በእኛው እግር ኳስ አትመዝኑት። ኳሳቸው ሞላላ ናት። አንዱ ታቅፏት ይሮጣል፤ ሌላው በትከሻው መትቶ ይጥለዋል። በዚያ ኮሌጅ ደንብ ከዚያ ረጅም ጠረጴዛ የሚቀርቡት ተሰላፊዎቹ ብቻ ናቸው።

ወጣቱ የሁለተኛው ቡድን ሰው ነው። የሁለተኛው ቡድን ሥራ ምን መሰላችሁ? ተጋጣሚን መሆን! የሚመጣው ቡድን እንዴት እንደሚሮጥ አጥንቶ፣ ልክ እንደዚያው መሮጥ። ተሰላፊዎቹ እየመቱት፣ እየጣሉት እንዲለማመዱበት።

ስለዚህ የውድድሩን ዘመን ሁሉ፣ በሚመጣው ቡድን ሯጭ ስም እየተጠራ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ከረመ። አንድ ሳምንት ማሎሪ ሲሉት፣ በሚቀጥለው ዶብስ ሲሉት፣ በዚህ በመጨረሻው ሳምንት ብራንት ሆነ። እውነተኛው ብራንት ቅዳሜ የሚገጥሙት ቡድን ሯጭ ነው፤ ማንም ሊያቆመው አልቻለም። ወጣቱ በባቡር ሄዶ፣ ከተመልካች መሐል ቆሞ አይቶታል። ዓይኑ ወደ ቀኝ ያያል፤ እግሩ ወደ ግራ ይታጠፋል።

"ብራንት!" ሲል ጮኸ የቡድኑ አምበል ዌንደል ከማዶ። "በሾርባ ነው እንዴ እኛን ልትጥል የመጣኸው?"

ጠረጴዛው በሳቅ አውካካ። ወጣቱም ፈገግ አለ። ምን ያድርግ?

ሳቁ ሲበርድ አሠልጣኙ መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ።

"ትከሻህ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው፣ አሠልጣኝ።"

"ልጄ፣ እኔን አትሸንግለኝ። ስማ፤ ከተሰላፊዎቹ የፍሊን ጉልበት ተጎድቷል። ቅዳሜ ቦታው ያንተ ነው። ነገ ግን ልምምድ አትግባ፤ ትከሻህን አሳርፈው።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። ከመስከረም ጀምሮ የጠበቀው ቃል ይኼ ነበር። ቅዳሜ ይሰለፋል። ከዚያ ጠረጴዛ ይቀርባል። በስሙ ይጠሩታል።

"ነገ ብራንትን ማን ይሆናል?" ብሎ ጠየቀ።

"አንዱን እናስሮጣለና።"

"ሌላው ሰው ብራንትን አላየውም። እኔንም ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልያዙኝም።"

"አውቃለሁ" አሉ አሠልጣኙ። "አላስገድድህም" ብለው ተነሡ።

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑስ? ቢያርፍ ማን ይወቅሰዋል? አሠልጣኙ ራሳቸው እረፍ ብለውታል!

በማግስቱ ዝናብ ነበር። ወጣቱ ሜዳ ገባ።

ሮጠ፤ ዌንደል ባዶ አየር አቅፎ ወደቀ። ደግሞ ሮጠ፤ ዌንደል ደግሞ ወደቀ።

"ዓይኔን ምን ታያለህ? ዓይን ይዋሻል! ወገቤን እይ!" አለው ወጣቱ።

"እሺ፣ ብራንት፤ ድገመው!"

ደገመው። ቀኑ ሊጨልም ሲል ዌንደል ወገቡን አየ፤ ቀድሞት ወደ ግራ ዞረ፤ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። የወጣቱ ትከሻ ሲወልቅ ድምፁን ሁሉም ሰሙት።

ወጣቱ ጭቃው ላይ እንደተጋደመ፣ "አሁን ገባህ" አለው።

ቅዳሜ እጁ በአንገቱ ታስሮ ከሜዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ብራንት፣ እውነተኛው ብራንት፣ ወደ ቀኝ አየ፤ ወደ ግራ ታጠፈ። ዌንደል እዚያው ቆሞ ጠበቀውና ጣለው። ብራንት ደግሞ ሞከረ፤ ዌንደል ደግሞ ጣለው። እስከ መጨረሻው አላለፈም።

አሸነፉ። ሕዝቡ ዌንደልን በትከሻው ተሸክሞ የአሥራ አንዱን ስም በተራ እየጠራ ሜዳውን ዞረ። አግዳሚው ወንበር ጋ ሲደርሱ ዌንደል ወጣቱን አየው። ፊቱ በደስታ በራ። እጁን አውለበለበለትና በፍቅር፣ በሙሉ ልቡ ጮኸ፦

"አየኸን? አየኸን ወይ፣ ብራንት?"

ጭፈራው አልፎ ሄደ።

"አምብሮዝ ነው" አለ ወጣቱ። የሰማው አልነበረም።

ዌንደል ክፉ ሰው ነው? አይደለም። ውለታ ጠልቶም አይደለም። የሚጠራበት ሌላ ስም ስላልነበረው ነው። ያን ሁሉ ቀን ሲጥለው፣ ሲያነሣው፣ አንድም ጊዜ "ማን ትባላለህ?" አላለውም።

እኛስ? እናንተ ዛሬ የቆማችሁት ማንን እየጣላችሁ ተለማምዳችሁ ነው? እናንተ እንድትማሩ ትምህርቷን ያቋረጠች እኅት የለችም? ጎረቤታችሁን ስንት ዘመን "የእገሌ እናት" ስትሏት ኖራችኋል? ስሟን ታውቁታላችሁ? በእውነት፣ ታውቁታላችሁ?

ከመካከላችሁ አምብሮዝ የሆናችሁም አላችሁ። ዌንደል ነገ ተመልሶ ይመጣል ብለን አናታልላችሁም። በዚህ ታሪክ አልመጣም። በስውር የሚያይ አባት ስማችሁን ያውቃል፤ ይህ እውነት ነው። እናንተ ከጠረጴዛው የቀረባችሁ ግን ይህን እውነት መሸሸጊያ አታድርጉት። እግዚአብሔር ስማቸውን ማወቁ እናንተን ከመጠየቅ አያድናችሁም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድን ሰው ስሙን ጠይቁ። አንድ ሰው ብቻ።

አምብሮዝ ያን የቅዳሜ ማታ ክፍሉ ገባ። የልምምድ ጫማውን በጉልበቶቹ መካከል አጥብቆ ይዞ፣ የደረቀውን ጭቃ በግራ እጁ በእንጨት ፋቀ። በጨርቅ ወለወለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ከበሩ ጀርባ አስቀመጣቸው።