በር የበዛበት ግንበኛ

አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ዘሀራ ትባላለች። በሁለት ከተማ ሁለት ሱቅ ነበራት። የነጋዴዎች ማኅበር ሰብሳቢ እሷ፣ የእድሩ ጸሐፊ እሷ፣ የዘመድ ሠርግ ሲደገስም ሽር ጉድ የምትለው እሷው ነበረች። ስልኳ ጠዋት መጮህ ከጀመረ እስኪመሽ ዝም አይልም።

አባቷ አቶ ሙሄ በደህናው ዘመን ስመ ጥር ግንበኛ ነበሩ። የከተማው ግማሽ ቤት የእጃቸው ሥራ ነው ይባልላቸዋል። ሰባዎቹን ካጋመሱ በኋላ ግን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ በመጨረሻም የልጃቸውን መልክ። ሐኪሙ ሕመሙ አልዛይመር መሆኑንና የሚያድነው መድኃኒት እንደሌለ ነገራት። ዘሀራም አባቷን ወደ ትልቁ ቤቷ አመጣቻቸው። ምንም እንዳይጎድልባቸው ብላ ሁለት ሠራተኛ ቀጠረች፤ አዲስ ሶፋና ቁም ሣጥን ሙሉ ልብስ ገዛች።

አቶ ሙሄ ግን ሰላም አጡ። ሽንት ቤት ፍለጋ ስድስት በር ከፍተው ሰባተኛው ጋ ሳይደርሱ ልብሳቸው ይረጥባል። መስታወት ውስጥ ከሚያዩት ሽማግሌ ጋር ይጣላሉ። ጠዋት ጠዋት ዘሀራ እየተጣደፈች «አባባ፣ ሻይ ነው ወተት? ነጩ ሸሚዝ ይሻላል ሰማያዊው?» ስትላቸው ትኩር ብለው ያዩዋትና ኩባያውን ይወረውሩታል።

አንድ ቀን ዘሀራ ስብሰባ ላይ ሳለች አባቷ ከቤት መጥፋታቸው ተነገራት። በወንዙ ዳር፣ በመናኸሪያው፣ በመስጊዱ ፈለገቻቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ገበያው ጫፍ ላይ፣ ከጫማ ሰፊው ከጋሽ ይመር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ክር ይጠቀልላሉ። ፊታቸው ረግቷል፤ እንዲህ ሆነው ካየቻቸው ዓመት አልፏል።

እዚያው መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ይመር፣ አባባ እኔ ቤት ለአንድ አፍታ እንኳ አርፈው አይቀመጡም። ምን አደረጉላቸው?»

ጫማ ሰፊው ከመርፌው ቀና ሳይሉ መለሱላት።

«ምንም አላደረግሁ፣ እቴ። አንዲት ትርፍ በርጩማ ነበረችኝ፤ ‹ይቀመጡ› አልኳቸው። ክሬ ተወሳስቦ ነበር፤ ‹ይያዙልኝ› አልኳቸው። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ጠየቁኝ፤ አሥር ጊዜ መለስኩላቸው። የምቸኩልበት የለኝም።»

በዚያው ሳምንት ዘሀራ ሰብሳቢነቱንም ጸሐፊነቱንም አስረከበች። የሩቁን ሱቅ ለታናሽ ወንድሟ ለቀቀች። ሶፋውን፣ ቡፌውንና መስታወቱን ከቤት አወጣች፤ ከሚኖሩባቸው ክፍሎች በቀር ሌላውን ሁሉ ቆለፈች። የሽንት ቤቱን በር ቀይ ቀባችው። ጠዋት መጠየቁን ትታ አንድ ኩባያ ሻይና አንድ ሸሚዝ ታቀርብ ጀመር።

አክስቷ መጥተው ባዶውን ሳሎን ሲያዩ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ሰው ምን ይላል? ከስራለች አይሉሽም?»

«ይበሉ፣ አክስቴ። አባባ መንገዳቸውን ካገኙ ለእኔ ይበቃኛል።»

ጓሮም ድንጋይ አስከመረችላቸው። አቶ ሙሄ በየቀኑ አጭር ካብ ይክባሉ፤ ሲያበቁ አፍርሰው እንደገና ይጀምራሉ። ጭንቅላታቸው የረሳውን እጃቸው አልረሳውም ነበር። ዘሀራ ከሱቅ ስትመለስ ስልኳን ዘግታ ድንጋይ ታቀብላቸዋለች። ክፉ ቀን ጨርሶ አልቀረም፤ የሚጮሁበትም፣ እህል አልቀምስም የሚሉበትም ቀን ነበር። ደህናው ቀን ግን እየበዛ ሄደ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩን ከእጇ ተቀብለው ቆም አሉ።

«አንቺ ልጅ ደግ ነሽ። እናትሽ ማን ትባላለች?»

«ሩቅያ» አለች ዘሀራ። ሩቅያ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

አባቷ ድንጋዩን በእጃቸው አገላበጡት። ከዚያ ፊታቸው ፈካ።

«ሩቅያን አውቃታለሁ» አሉ። «እሷም እንዲህ ድንጋይ ታቀብለኝ ነበር።»

ዘሀራ ይህን ታሪክ ከአባቷ አፍ ሰምታው አታውቅም። ስትሮጥ በኖረችባቸው ዓመታት እንዲህ ያለውን ነገር የምትሰማበት ጊዜ አልነበራትም።

ወዳጆቼ፣ ለምንወደው ሰው ነገር ባበዛንለት ቁጥር የረዳነው ይመስለናል። አእምሮው የደከመ ሰው ግን የሚያሻው ጥቂት ዕቃ፣ ጥቂት ቃልና የማይቸኩል ሰው ነው። ዘሀራ ለአባቷ ብላ ያቀለለችው ኑሮ ለራሷም ቀለላት። እናንተስ፣ ከወላጆቻችሁ ጎን አረፍ ብላችሁ ለመቀመጥ ዛሬ ከትከሻችሁ ላይ ምን ታወርዳላችሁ?