የአንጁሎ አዲስ ሞተርና ውኃ ጨላፊው

አንድ አሣ አጥማጅ አዞ በማይጠፋበት ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። ስሙ አንጁሎ ነው። ሀብቱ አንዲት የእንጨት ጀልባ ነበረች፤ አምስት ልጆቹን ያሳደገው በእሷ ነው። ከአባቱ ስለወረሳት ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ የለም። በየዓመቱ ሰማያዊ ቀለም ስለሚቀባት ከሩቅ ላያት ሰው ትናንት የተሠራች ትመስላለች። የገባባት ሰው ግን እግሩ ሲርስ እውነቱን ይረዳል።

ጀልባዋ ውኃ ታስገባለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት ሰው ይሳፈርባታል። አንጁሎ ሞተሩን ይይዛል፤ የሚስቱ ወንድም ማርቆስ መረብ ይጎትታል፤ ጋሽ ሳና የሚባሉ አዛውንት ደግሞ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃውን እየጨለፉ ወደ ሐይቁ ይመልሳሉ። በዚያ አገር ውኃ ጨላፊ መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። አሮጌ ጀልባ ያለው ሁሉ ይይዛል፤ ከሚያዘው አሣም ግማሽ ድርሻ ይሰጠዋል። ጋሽ ሳና በዚህ ግማሽ ድርሻ አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል።

ችግሩ የመጣው በሞተሩ በኩል ነው። አሮጌው ሞተር ጠዋት ጠዋት ገመዱ ሃያ ጊዜ ካልተሳበ አልነሳ አለ። ሲነሳም እያጨሰና እያሳለ መረቡ ካለበት ቦታ የሚያደርሳቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶ ነው። አሣውን የሚረከበው ነጋዴ የበረዶ መኪና ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። መኪናው ያመለጠው ሰው አሣውን የሚያስረክበው ለፀሐይ ነው። አንጁሎ በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ለፀሐይ አስረከበ። በመጨረሻ ሁለት በሬዎቹን ሸጠና አዲስ ሞተር ገዛ።

ሞተሩን የሚገጥም መካኒክ ከከተማ መጣ። መካኒኩ የጀልባዋን የኋላ ሳንቃ በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገና፣ «ይሄ ሞተሩን ይሸከማል። ሆዷን ግን ገልብጣችሁ ብታዩት ደግ ነው» አለ።

«እሱ ይደርሳል» አለ አንጁሎ፤ «አሁን ሞተሩን አስነሳልኝ።»

ሞተሩ ገመዱ አንዴ እንደተሳበ ተነሳ። የባሕሩ ዳር ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆሞ አየ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቅላ በረረች፤ አንዱ ቀልደኛ፣ «አንጁሎ፣ ስታርፍ ንገረን፣ ሜዳ እናዘጋጅልህ!» እያለ ጮኸ። መካኒኩ አብሮ ተሳፍሮ አንድ ዘዴ አሳየው። ጀልባዋ ስትሮጥ ወለሉ ላይ ያለው ውኃ ሁሉ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ በዚያ ጊዜ ከኋላ ያለችው የማፍሰሻ ቀዳዳ ውታፍ ሲነቀል ውኃው ራሱ ተንደርድሮ ይወጣል። «ስትቆም ግን ወዲያው መልሰህ ውተፋት» አለው።

አንጁሎ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው መንገድ ሃያ ደቂቃ ሆነ። ውኃውንም ሞተሩ ራሱ ያወጣዋል። በሳምንቱ ጋሽ ሳናን ባሕሩ ዳር አገኛቸውና ዓይናቸውን ሳያይ ተናገረ።

«ጋሽ ሳና፣ ከእንግዲህ አይድከሙ። ጀልባዋ አሁን ጨላፊ አትፈልግም።»

«ቀዳዳው ተደፈነ እንዴ?» አሉ።

«ምን ያደርጋል? ውኃው ሳይሞላ እንደርሳለን።»

ጋሽ ሳና ሌላ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉት። ጀሪካኑን አስረክበው ሄዱ። የአንጁሎ ሚስት ጀሪካኑን የዶሮዎች ውኃ ማጠጫ አደረገችው።

ሦስት ወር ያህል ሁሉ ነገር አማረ። አንጁሎ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ አሣው በበረዶ ይጫናል። ጎረቤቶቹ ሲቀኑበት ታየው፤ ቅናታቸውንም ወደደው።

አንድ ቀን ጠዋት መረቡ ሞልቶ ተገኘ። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ የአሣው ዓይነት ሁሉ ተደራርቦ ጀልባዋ እስከ አንገቷ ተጫነች። ነፋስ ተነስቶ ነበርና አንጁሎ ቸኮለ። አጥማጆች የሌላ ሰው መረብ ሲያጋጥማቸው ዞረው ነው የሚያልፉት፤ እሱ ግን በዚያ ቀን በሰው መረብ ላይ ሊያቋርጥ ፈለገ። መረቡ ውኃ ውስጥ በሚሽከረከረው የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ቀጥ አለ።

አንጁሎ ዘሎ ተነቅሎ የነበረውን ውታፍ ማፍሰሻዋ ላይ መልሶ ወተፈ። እፎይ ብሎ ቀና ሲል ግን ውኃው ቁርጭምጭሚቱን አልፏል።

«ማፍሰሻዋን ደፍነሃታል?» አለ ማርቆስ። ማርቆስ ዋና አይችልም። ቢችልም በዚያ ሐይቅ ብዙ አይጠቅመውም።

«ደፍኛታለሁ!»

«ታዲያ ከየት ነው የሚገባው?»

ጀልባዋ የአንጁሎ ናት፤ ከእሱ በፊትም የአባቱ ነበረች፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ ግን አያውቅም። ወለሉን በእጁ ዳበሰ። አሣውና መረቡ ተደራርበውበት ምንም ሊያገኝ አልቻለም። ማርቆስ በሁለት መዳፉ ይጨልፍ ጀመር። ውኃው ባት ላይ ሲደርስ አሣውን በክንዳቸው ሙሉ እያነሱ ወደ ሐይቁ ወረወሩት። አሣው ሲወረወር ጊዜ ሁለት አዞዎች ከሸምበቆው ወጥተው ቀስ ብለው መጡ።

በዚህ ጊዜ አንጁሎ ወደ ሞተሩ ዞረ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየለትን፣ በየማታው በጨርቅ የሚወለውለውን የሞተሩን ኮፈን ነቅሎ አወጣው። ገልብጦ ያዘውና ውኃ ይጨልፍበት ጀመር። ኮፈኑ ከጀሪካኑ ይሰፋል፤ ጥሩ አድርጎ ይጨልፋል። እሱ ሲደክመው ማርቆስ ይቀበለዋል፣ ማርቆስ ሲደክመው እሱ። ሁለት በሬ የተሸጠለት ሞተር በዚያ ቀን የሰጠው ጥቅም ይሄ ብቻ ነበር። እንዲህ እያሉ ሲቆዩ በመቅዘፊያ የሚሄዱ ሁለት አጥማጆች አይተዋቸው ደረሱና ጀልባዋን በገመድ ጎትተው ወደ ዳር አወጧቸው።

አንጁሎ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ጋሽ ሳናን ፍለጋ ሄደ፤ ማርቆስም ተከተለው። ሽማግሌው ዛፍ ጥላ ሥር የሰው መረብ ሲጠግኑ አገኟቸው።

«ጋሽ ሳና፣ ይመለሱልኝ። ድርሻዎ እንደ ድሮው ነው።»

«አልመለስም።»

«ተቀይመውኝ ነው?»

«መቀየሙንስ ተቀይሜሃለሁ። ግን ጀልባህ የሚጨልፍላት ሰው አይደለም የምትፈልገው። እኔ እቀመጥበት ከነበረው ሥር፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጣውላ የሚገናኙበት፣ ክንድ የምታህል ስንጥቅ አለች። ጥጥና ሬንጅ ካለህ የግማሽ ቀን ሥራ ናት።»

አንጁሎ ደንግጦ ቆመ። «ይህን ያወቁት መቼ ነው?»

«በሁለተኛው ዓመት።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! እንዴት አይነግሩኝም?»

ጋሽ ሳና መርፌውን መረቡ ላይ ሰኩት። «ብነግርህ ትደፍናታለህ። ከደፈንካት እኔን ምን ታደርገኛለህ? እኔ እንጀራዬን የምበላው በዚያች ስንጥቅ ነበር። ስታሰናብተኝ ልነግርህ ነበር፤ ከዚያ ተናደድኩና ተውኩት። እሱን አጥፍቻለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንተስ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ውኃው ከየት ነው የሚመጣው ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አንጁሎ ሊመልስ ሲል ማርቆስ ቀደመው።

«አንተ ሳትጠይቅ፣ እሳቸው ሳይናገሩ፣ ልሞት የነበርኩት እኔ ነኝ እኮ!»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

በማግሥቱ ሦስቱም ሆነው ጀልባዋን አሸዋ ላይ ገለበጧት። ሰማያዊው ቀለም ሲፋቅ ስንጥቋ ጋሽ ሳና ያሉት ቦታ ላይ ተገኘች። ጥጡን የጠቀጠቁት፣ ሬንጁን የቀቡት ራሳቸው ጋሽ ሳና ናቸው፤ ሥራውም ከቀትር በፊት አለቀ። ሲጨርሱ እጃቸውን በአሸዋ እየፈተጉ፣ «በቃ፣ እኔም ሥራ ፈታሁ» አሉ።

«ነገ ከማርቆስ ጋር መረብ ይጎትታሉ» አለ አንጁሎ፤ «ድርሻውም ሙሉ ነው። ይህን ያኔ ብልዎት ኖሮ ያኔውኑ በነገሩኝ ነበር።»

«እነግርህ ነበር» አሉ ጋሽ ሳና።

ወዳጆቼ፣ አዲስ ሞተር መግዛት ጥፋት አይደለም። አንጁሎ ያስፈልገው ነበር። ያጠፋው ፍጥነቱን እንደ ጥገና መቁጠሩ ነው። ስንሮጥ ችግራችን ከኋላችን ይፈስና የጠፋ ይመስለናል፤ የቆምን ዕለት ግን ከነበረበት ቦታ ይገባል። በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን አንዲት ስንጥቅ አለች፤ የት እንዳለች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ያ ሰው ዝም የሚለው ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። እውነቱን የተናገረ ቀን እንጀራው እንደሚቋረጥ ስለሚያውቅ ይሆናል። ዝምታው ትክክል ነው አልልም፤ ማርቆስን በአዞ ሊያስበላው ነበር። ግን ሰው እውነቱን እንዲነግረን ከፈለግን፣ ከነገረን በኋላ የት እንደሚቀመጥ አስቀድመን እናሳየው።

እስቲ ዛሬ እርስዎም ያስቡበት፦ በእርስዎ ጀልባ ውስጥ ውኃ የሚጨልፈው ማን ነው? ስንጥቋን ቢያሳይዎትስ፣ ነገ ምን ይበላል?